የእማዬ ሜዲኬር፣ መስከረምና ጥቅምት

እናቴ ሜሪላንድ ከገባች ጀምሮ አንድ ወሬ ሲከተላት ኖሯል። «አይዞሽ፣ 65 ሲሞላሽ ሜዲኬር ይሰጡሻል።» ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ያቋቋመው የጤና መድህን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ትሰማዋለች። ለቅሶ ቤት ትሰማዋለች። ጉልበቷን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ያያት ሐበሻ ሁሉ ይላታል። 65 ዓመት የሞላት ቀን ድፎውን እየቆረሰች «እንግዲህ ካርዴ ይመጣል» አለች። እኛም ሳቅን።

ካርዱ አልመጣም። ሊመጣም አይችልም ነበር። ሳይጠየቅ በፖስታ እስከ ቤት የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ መቀበል ለጀመረ ሰው ነው። እናቴ ያን ጊዜ እዚህ ሀገር ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ጡረታም የላት፣ የሚጠየቀው የአምስት ዓመት ኑሮም የላት።

ወሬው ውሸት ነው አልልም። ግማሹ ነው። ያ ግማሽ ወሬ በየቤቱ እንዳለ ስለማውቅ ቀሪውን ግማሽ መጻፍ ፈልጌያለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። አንዲት አማካሪ ፊት ተቀምጠን እናቴ የሰጠችው መልስ እስካሁን ይከነክነኛል። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ወንድሜ ላውራ።

የልጅ ኳርተር

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ከሀገር ከወጣ ቆይቷል። ታክሲ ነድቷል፣ አየር ማረፊያ ሠርቷል፣ አሁን የራሱ ትንሽ ሥራ አለው። እናታችንን ያመጣት እሱ ነው፤ ስፖንሰሯም እሱ ነው። የሜዲኬር ነገር ሲነሳ ሁሌ የሚላት አንድ ነገር ነበረች፦ «ለዚህ መንግሥት ስንት ዓመት ታክስ ከፍያለሁ። በእኔ ትታከም።»

ለእኛ ጆሮ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። ወላድ በድባብ ትሂድ ሲባልም ስንሰማ ነው ያደግነው። ልጅ ከደረሰላት እናት ምን ይጎድልባታል?

ሜዲኬር ግን ልጅ አያውቅም። የሚያውቀው ራስን ነው፤ ቢበዛ የትዳር ጓደኛን። ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው ፓርት ኤ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚገኘው ሰውየው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 40 ኳርተር ከሠራ ነው። ኳርተር ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የተከፈለበትን ሥራ የሚቆጥርበት ነጥብ ነው። በዓመት ከ4 በላይ ስለማይቆጠር ቢያንስ 10 ዓመት ይፈጃል። በ2025 አንድ ኳርተር ለማስቆጠር 1,810 ዶላር ታክስ የተከፈለበት ገቢ ያስፈልግ ነበር፤ የዓመቱን አራቱንም ለመሙላት 7,240 ዶላር። ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚሠራ ሰው ይሞላዋል። አባታችን በሕይወት ኖሮ እዚህ ቢሠራ ኖሮ የእሱ ኳርተር ለእናታችን ይሆን ነበር። እሱ ግን አሜሪካን ሳያያት አረፈ። የወንድሜ ኳርተር ደግሞ ሞልቶ ተርፏል። ለእናቱ አንዷም አትቆጠርላትም።

እናቴ ራሷ ሠርታለች። ጉልበቷ እስኪያስቸግራት ድረስ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽድታለች። የዚያ ኳርተሮች አሉላት። ከዚያ በኋላ ግን የጎረቤት ልጆች ስትጠብቅ የቆየችበት ጊዜ የትም የለም። በካሽ ነበራ! ለሶሻል ሴኩሪቲ ያሳወቀ የለም። እዚህ ከተማ ስንት እናት የሰው ልጅ በካሽ ስታሳድግ ከርማ ወረቀት ላይ አንድ ቀን እንዳልሠራች እንደምትቆጠር ሳስብ ያናድደኛል። ካሽ ሳይቆራረስ እጅ ላይ ስለሚገባ ይጣፍጣል። ሒሳቡ የሚመጣው እርጅና ላይ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ልጅ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ገቢዋን ታክስ ላይ አሳውቁላት። ጥቂት ዶላር ትከፍላለች፤ ኳርተሯ ግን ይቆጠርላታል።

30 ኳርተር ያልሞላ ሰው ፓርት ኤን መግዛት ይችላል። ዋጋው በ2025 በወር 518 ዶላር ነበር። ከ30 እስከ 39 ኳርተር ላለው 285 ዶላር። በዚህ ላይ ሐኪምንና ተኝቶ የማይታከሙትን ሕክምና የሚሸፍነው ፓርት ቢ አለ። እሱን 40 ኳርተር የሞላውም ይከፍላል። በ2025 መደበኛው ክፍያ 185 ዶላር ነበር፤ በ2026 ከ200 አልፏል። ወንድሜ በስልክ እያወራን ደመረው። «በወር 703?» አለና ዘጋብኝ። ተመልሶ ደውሏል፤ ግን መጀመሪያ ዘጋው።

አምስት ዓመትና ሰባት ወር

ለመግዛትም ቢሆን ጊዜ አለው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ፣ ከማመልከቱ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ሳያቋርጥ እዚህ የኖረ መሆን አለበት። ሳያቋርጥ የሚለው ነው እኛን የሚያስቸግረን። ወላጆቻችን ይመላለሳሉ። ለሠርግ ሄደው ለተዝካር ይቆያሉ። አንድ ጊዜ ወጥቶ ከስድስት ወር በላይ የቀረ ሰው ላይ «ኑሮው የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ቀን የታተመበትን ፓስፖርት፣ ያለፈበትንም ጭምር፣ እንዳትጥሉት።

አምስት ዓመቱ የሚሞላለት 65ን ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ የምዝገባው ጊዜ የሚቆጠረው አምስቱ ከሞላበት ወር ተነስቶ ነው። ሰባት ወር ይሰጣል፦ ከዚያ ወር በፊት ሦስት፣ ያ ወር ራሱ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት። ይህ ካመለጠ የሚቀጥለው በር በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው። ለፓርት ቢ ደግሞ በዘገዩበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመራል። አንዴ ከፍለው የሚገላገሉት ቅጣት እንዳይመስላችሁ። ፓርት ቢ እስካለ ድረስ በየወሩ አብሮ ይኖራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እናቴ አምስት ዓመቱ እስኪሞላ ድረስ የግል የጤና ኢንሹራንስ በሚገዛበት በሜሪላንድ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ተመዝግባ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፓርት ኤን በገንዘብ መግዛት ያለበት ሰው አምስት ዓመቱ ቢሞላም አልገዛም ብሎ እዚያው ገበያ ላይ መቆየት ይችላል፤ ገቢው ከፈቀደም ድጎማ ማግኘት ይችላል። ፓርት ኤን በነፃ የሚያገኘው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ችግሩ ድጎማው እየጠበበ መሆኑ ነው። በኮቪድ ጊዜ የተጨመረው ድጎማ የተቀመጠለት ጊዜ 2025 መጨረሻ ድረስ ብቻ ነበር። አምስት ዓመት ላልሞላቸው በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ስደተኞች የነበረውንም ድጎማ በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ አንስቶታል። ወላጅ ለማምጣት እያሰባችሁ ከሆነ ይህን አሁኑኑ አስሉት።

ግማሹን ሀገሬ

ሺፕ የሚባል አገልግሎት አለ። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የሜዲኬር ምክር ነው። በየስቴቱ አለ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በየካውንቲው ነው። ነፃ ነው። የሚሸጠው ነገር ስለሌለ ይህን ግዙ ብሎ አይጎትትም። እያንዳንዱ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የነበረበት ነገር ነው። እኔ እስካሁን የማየው የሽያጭ ወኪሎችን ፍላየር ነው።

ቀጠሮ ይዘን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳለች። ወንድሜ ላፕቶፑን ይዟል፤ ሁሉንም በሠንጠረዥ አስገብቶታል፣ ቀለም ሁሉ ቀብቶታል።

አማካሪዋ በዕድሜ ከእናቴ ብዙ የማታንስ ፈረንጅ ናት። ከሥራዋ ጡረታ ወጥታ በበጎ ፈቃድ የምታገለግል። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። እኛ እናስተረጉምላታለን ብንላት በትሕትና እምቢ አለች። ልጆች ሲያስተረጉሙ የራሳቸውን ይጨምራሉ አለችን። ወንድሜ ቅር አለው።

ቅር ብሎትም ጀመረ። ፓርት ኤ ይገዛ ወይስ ይቅር፣ አድቫንቴጅ የሚባለው የግል ኩባንያ ፕላን ይሻል ወይስ ዋናው የመንግሥቱ ሜዲኬር። አማካሪዋ ትንሽ አዳመጠችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቴ አዙራ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለቻት። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ፦ «እናቴ፣ የሚቀጥሉትን ዓመታት የት መኖር እንደሚፈልጉ እየጠየቀችዎት ነው። በዓመት ስንት ወር እዚህ ይሆናሉ?»

እናቴ እኛን አየችን። ከዚያ ስልኩን አየችው። የመለሰችውም ለስልኩ ነው።

«ግማሹን ሀገሬ።»

«እማዬ!» አለ ወንድሜ። አስተርጓሚዋ እሱንም ሳትተረጉመው አልቀረችም፤ አማካሪዋ ፈገግ አለች።

«ከመጣሁ ጀምሮ ሳስበው የኖርኩት ነው» አለች እናቴ፣ አሁንም ለስልኩ። «እህቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። ማኅበሬ እዚያ ነው። ባለቤቴም ያረፈው እዚያ ነው። እዚህ ብርዱ ሲመጣ ወደዚያ፣ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ልጆቼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ካርዱ እስኪመጣ ነዋ! ሳልታከም ብሄድ እዚያ ሸክም እሆናለሁ። ካርዱን ይዤ ልሄድ ነበር።»

ይኸው ነው የሚከነክነኝ። እኛ ልጆቿ ስለ ሜዲኬር ስናወራ ካርዱ እሷን እዚህ የሚያኖርልን ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆስፒታል አንሠጋም፣ በቃ አጠገባችን ናት። እሷ ለካ በዚያው ካርድ ልትሄድ ነው የምትጠብቀው። አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ካርድ ስናወራ ቆይተን፣ የእኛ ካርድና የእሷ ካርድ የተለያዩ ነበሩ። ሚስጥር ደብቃን አይመስለኝም። እሷ እንደምትለው፣ ያልተጨበጠ ነገር አይወራም።

አማካሪዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ደብረ ብርሃን ላይ ካርዱ ምንም ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው ጥያቄ የሚገርም ነበር። «እዚያ ስሆን ክፍያው ይቆማል?»

አይቆምም። አቋርጬ ስመለስ እቀጥላለሁ ያለ ሰው ደግሞ ያው የመዘግየት ቅጣት ይጠብቀዋል።

«እህቴ እኮ በዓመት አንዴ ነው የምትከፍለው» አለች። «ለመላው ቤቷ አንድ ደብተር።» ጤና መድህኑን ነው። እውነቷን ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው። አባወራ ወይም እማወራ ትመዘገባለች፣ ቤቱ አብሮ ይገባል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ላይኖረው ይችላል፣ ሰልፉም ያሰለቻል፤ አክስቴ ራሷ ስታማርር ነው የምትውለው። ሐሳቡ ግን እናቴ የምታውቀው ሐሳብ ነው። ቤት እንደ ቤት ይታከማል። ሜዲኬር ውስጥ የቤተሰብ ፕላን ብሎ ነገር የለም። ባልና ሚስት እንኳ በየራሳቸው ካርድ፣ በየራሳቸው ክፍያ ነው። አስተርጓሚዋ የእናቴን አስተያየት ሙሉውን ተረጎመችው። አማካሪዋ «እኔም እንደ እሷ ብሆን እንደዚያው እል ነበር» አለች። ጨዋ ሴት ናት።

«ነፃ ነው» የሚሉት

ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከሥሩ ስለተነሳ የወንድሜ ሠንጠረዥ ግማሹ ወዲያው ወደቀ።

መጀመሪያ የወደቀው አድቫንቴጅ ነው። በየመከሩ፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው የመቀያየሪያ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ ስለ እሱ ብቻ ነው የሚለፍፈው። ጥርስ፣ መነጽር፣ ዜሮ ዶላር። ፕላኖቹን የሚያስተዳድሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ አሁን ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ እዚያ ነው ያሉት። መጥፎ ነው አልልም። ዋናው ሜዲኬር ጥርስና መነጽርን በአብዛኛው አይሸፍንም፤ በዓመት ከኪስ የሚወጣው ላይም ጣሪያ የለውም። አድቫንቴጅ ጣሪያ አለው። በምትኩ የኩባንያውን ሐኪሞች መጠቀም አለባችሁ፤ ለብዙ ነገርም ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃል። «ዜሮ» የሚሉት ግን ፓርት ኤና ፓርት ቢ በእጁ ላለ ሰው ነው። የእናቴ 703 ዶላር ከሥሩ እንዳለ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፕላኑ አካባቢ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው በተለምዶ ከፕላኑ ይወጣል። በግማሽ ዓመት ሀገሯ ልትከርም ላሰበች ሴት ይህ አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ «ከሜዲኬር ነው የምንደውለው» ብሎ ያልጠበቃችሁት ሰው ከደወለ ዝጉት። ሜዲኬር ሳይጠራ ደውሎ ፕላን አይሸጥም። ጥያቄ ካላችሁ እናንተ 1-800-633-4227 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው።

ቀጥሎ አማካሪዋ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ያለውን እርዳታ አነሳች። ኪውኤምቢ ይሉታል። ስቴቱ የፓርት ቢን ክፍያ፣ አስፈላጊ ከሆነም የፓርት ኤን ክፍያ ጭምር ይከፍላል፤ ሐኪም ቤት ታካሚው የሚከፍለውንም ድርሻ ይሸፍናል። የመድኃኒት ዋጋ የሚያቀልለው እርዳታም አብሮ ይመጣል። በ2025 ለአንድ ሰው የፌዴራሉ የገቢ ወሰን በወር 1,325 ዶላር፣ የንብረት ወሰኑ 9,660 ዶላር ነበር። ስለ ሜዲኬር ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ብር የሌለው ሰው 703 ዶላር አምጣ ተብሎ አይቀርም፤ ብዙ ወላጆቻችን ግን ይህ መኖሩን ስለማያውቁ ብቻ ያለ ኢንሹራንስ ተቀምጠዋል።

እኛ ጋር ስንደርስ ግን የስፖንሰርነት ጉዳይ መጣ። ወንድሜ እናታችንን ሲያመጣ አይ 864 በሚባለው ቅጽ ላይ ፈርሟል። በዚያ ፊርማ ምክንያት የእሱ ገቢ እንደ እሷ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። በገቢ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ እርዳታ ከተቀበለች ደግሞ መንግሥት ከስፖንሰሩ ሊጠይቅ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ አለ። ግዴታው የሚያበቃው በዋናነት እሷ ዜጋ ስትሆን ወይም 40 ኳርተር ሲቆጠርላት ነው። ወንድሜ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ስሙ ነው የፈራው፤ ነጋዴ ነው። አማካሪዋ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ አለች እንጂ ልታስፈራራውም ልታባብለውም አልሞከረችም። ይህን ወደድኩላት።

ሦስተኛው መንገድ ሜዲጋፕ ነው። ዋናውን ሜዲኬር ይዞ የጎደለውን የሚሞላ ተጨማሪ ፖሊሲ። ፓርት ቢ ከጀመረ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ከተገዛ ኩባንያው በበሽታ ምክንያት እምቢ ማለት ወይም ዋጋ መጨመር አይችልም። እናቴ ስኳርም ደም ብዛትም አለባት። ከስድስት ወሩ በኋላ በአብዛኛው ስቴት ሊጠይቋት፣ ሊከለክሏትም ይችላሉ። ወንድሜ ዋጋውን አይቶ ይህን ከሠንጠረዡ ሰርዞት ነበር። አማካሪዋ መልሳ አነሳችው። ምክንያቷ ሌላ ነበር።

«አንዳንዶቹ የሜዲጋፕ ፖሊሲዎች» አለች አስተርጓሚዋ፣ «ውጭ ሀገር ድንገተኛ ሕመም ከገጠመዎት በጉዞው የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ይከፍላሉ።» ከሜዲጋፕ ዓይነቶች ፕላን ጂ (G) ይህ አለው፤ ፕላን ኤን (N) የሚባለውም አለው። በዓመት የመጀመሪያውን 250 ዶላር ራስ ይከፈላል፤ ከዚያ 80 በመቶውን እነሱ፤ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። ለክትትልና ለተለመደ ምርመራ አይሆንም። ለድንገተኛ ብቻ ነው።

እናቴ ከገባንበት ሰዓት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«60 ቀን?»

«አዎ እናቴ። በእያንዳንዱ ጉዞ።»

«መስከረምና ጥቅምት ነዋ።»

አስተርጓሚዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አማካሪዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የእኛ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸውን፣ ሁለቱ ሲደመሩ ልክ 60 እንደሚመጡ አስረዳናት። እናቴ ግን ሒሳቡን ጨርሳ ሌላ ቦታ ደርሳለች። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ማኅበሯ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ገባ። መድኃኒቷን ደግሞ መድኃኒት የሚሸፍኑት ብዙ የፓርት ዲ ፕላኖች የ90 ቀን በአንዴ ስለሚሰጡ ይዛ ትሄዳለች።

ግማሽ ዓመቷ ወደ ሁለት ወር ወረደ። ይህን ሳስበው ደስታም ቅሬታም ይሰማኛል። አንዲት ሴት ሀገሯ የምትቆይበትን ጊዜ የምትቆርጠው በኢንሹራንስ ውል አንቀጽ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ያቺ ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ ሁለቱ ወርም አይኖሩም ነበር። ወንድሜ አድቫንቴጁን ይመዘግብላት፣ እሷም ዝም ብላ ትፈርም ነበር። ልጆቿ የሚሏትን ትፈርማለች።

የጋሼ ጉዳይ

ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። ከሁሉም ያስጨነቀኝ የአንድ ጎረቤታችን ነገር ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ፓርኪንግ ሠርተዋል። 40 ኳርተራቸው ሞልቷል። ጥገኝነት ካገኙ ቆይተዋል፤ ግሪን ካርድ ግን አላመለከቱም። «ምን ያደርግልኛል፣ ወረቀት አለኝ» ይላሉ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትክክል ነበሩ። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ሜዲኬርን ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸውና ለጥቂት ሌሎች ክፍሎች ብቻ ወሰነው። በጥገኝነት፣ በስደተኝነት ወይም ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለ ሰው፣ ኳርተሩ የቱንም ያህል ቢሞላ፣ አይገባም። ቀድሞ የገባውም ከ2027 መጀመሪያ በኋላ አይቀጥልም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድህን፣ የሜዲኬይድም በር ለጥገኝነት ባለቤቶች ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ይጠባል። ዕድሜ ልክ ከደመወዛቸው ሲቆረጥ ለኖረ ሰው ይህ ምን እንደሚባል አላውቅም። ግፍ ነው የምለው እኔ።

ለእሳቸው ያለው መልስ አንድ ነው፦ ግሪን ካርዱን ማመልከት፣ ዛሬ። ልጃቸው ወረቀቱን ሞልቶላቸዋል። እንደ እሳቸው «ወረቀት አለኝ» ብሎ የተቀመጠ አባት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በዚህ ሳምንት ይደውልለት።

እኛ አሁን ያለንበት

ወንድሜ፣ ታናሽ እህታችንና እኔ ክፍያውን ለሦስት ተካፍለናል። ፓርት ኤ፣ ፓርት ቢ፣ ፓርት ዲና ሜዲጋፕ። ርካሽ አይደለም። ሦስታችንም ዘንድ ሥራ ቢጠፋ ወዲያው የሚነቃነቅ ነገር ነው፤ ይህን እናውቃለን። አምስት ዓመቱ ለዜግነት ማመልከቻም የሚጠየቀው አምስት ዓመት ስለሆነ እናቴ ቅጹን አስገብታለች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትማራለች፤ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ስም ማታ ማታ ወጥ እያማሰለች ታነበንባለች። ዜግነቱ ሲመጣ ኪውኤምቢን እንደገና እናየዋለን፤ ያን ጊዜ የወንድሜ ፊርማ አብሮ አይታይም።

ወንድሜ ሠንጠረዡን አስተካክሎታል። አዲስ ዓምድ ጨምሯል፤ «እማዬ የት ናት» ይላል።

ቲኬቷ ተቆርጧል። መሄጃዋ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። መመለሻዋን ወንድሜ ለጥንቃቄ ሁለት ቀን ቀንሶ በጥቅምት 28 ገዝቶታል። እሷ ደግሞ ትናንት ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ቲኬቱ ቀኑ የሚቀየር ዓይነት መሆን አለመሆኑን ጠየቀችኝ።